ከማን ጋር ትበላላችሁ? የደቡብ ህንድ ምሳ ቤቶች ታሪክ

እስቲ አስቡት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፤ በደቡብ ህንድ፣ ቼናይ ከተማ ውስጥ ናችሁ። ሙቀቱ አያድርስ ነው። ርቧችኋል። መንገድ ዳር ካለ አንድ ምሳ ቤት ትገባላችሁ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ባዶ ጠረጴዛ የለም። አስተናጋጁ ግን አይጨነቅም፤ ሌሎች ሰዎች ወደተቀመጡበት ጠረጴዛ በእጁ እያመለከተ “እዚያ ቦታ አለ” ይላችኋል። ትቀመጣላችሁ። በአንድ በኩል ከረባት ያሰረ የባንክ ሠራተኛ አለ፤ በሌላ በኩል የባጃጅ ሹፌር፤ ፊት ለፊት ደግሞ ደብተሯን ጭኗ ላይ ያስቀመጠች ተማሪ። ማንም ማንንም አያውቅም። “የማን ልጅ ናችሁ?” ብሎ የሚጠይቅም የለም። ሁሉም አቀርቅሮ ይበላል።

ተራ ነገር ነው፣ አይደል?

ከ100 ዓመት በፊት ግን በዚያው ከተማ ይህን ማየት ዘበት ነበር። ሰው ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ማን የሠራውን ምግብ እንደሚቀምስ፣ ከማን እጅ ውኃ እንደሚቀበል የሚወሰነው ገና ሲወለድ ነበር። ታዲያ ያ ጠረጴዛ እንዴት የሁሉም ሆነ? ደግሞስ በእርግጥ የሁሉም ሆኗል? የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ ይከተላል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅጠሉ ላይ ምን አለ?

መጀመሪያ ምሳችን ይምጣ። በባህላዊው ምሳ ቤት ሳህን የለም፤ ፊታችሁ የሚዘረጋው የሙዝ ቅጠል ነው። ሹል የሆነው ጫፉ ወደ ግራችሁ ይዞራል። ውኃ ረጨት አድርጋችሁ ታብሱታላችሁ። ከዚያ አስተናጋጆቹ ባልዲና ጭልፋ ይዘው ይመጣሉ፦ ጨው፣ በዘይትና በቅመም የተቀመጠ ማንጎ ወይም ሎሚ፣ ሁለት ሦስት ዓይነት አትክልት፣ መሃል ላይ ደግሞ ክምር ሩዝ።

ሩዙ በሦስት ዙር ይበላል። መጀመሪያ በሳምባር። ሳምባር ከእርግብ አተር የሚሠራ ወጥ ሲሆን፣ የሚያኮመጥጠው ሁመር ነው፤ ሰናፍጭ፣ አብሽ፣ ድንብላልና እርድም አይጠፉበትም። ቀጥሎ ራሳም የሚባል ቀጭንና የሚያቃጥል ሾርባ ይፈስበታል። መጨረሻ ላይ እርጎ ይመጣና የተቃጠለውን አፍ ያበርዳል። የሚበላው በቀኝ እጅ ነው፤ ለዚህ እንኳ ማንም ሊያስተምራችሁ አይገባም። “በቃኝ” እስክትሉ ድረስ ይጨመርላችኋል። ስትጨርሱ ቅጠሉን ወደ ራሳችሁ ታጥፋላችሁ፤ “ጠግቤያለሁ” ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል እዚህ የሉም። ነገር ግን ይህ ምግብ እኛ “የጾም” የምንለው አይደለም፤ እርጎም አለው፣ ንጥር ቅቤም አለው። ደግሞ አብዛኛው የደቡብ ህንድ ሕዝብ ሥጋ ወይም ዓሣ የሚበላ ነው። ታዲያ የዚህ አካባቢ ዝነኛ ምሳ ቤቶች ለምን ከሥጋ የራቁ ሆኑ? መልሱ ከማዕድ ቤቱ ሠራተኞች ማንነት ጋር የተያያዘ ነው። እንደርስበታለን።

ሌሊቱን የሚሠሩት ጥቃቅን ወጥ ሠሪዎች

ጠዋት ብትመጡ ኖሮ የሚቀርብላችሁ ኢድሊ ወይም ዶሳ ነበር። ኢድሊ በእንፋሎት የበሰለ፣ ነጭ፣ እንደ ስፖንጅ የለሰለሰ ትንሽ ክብ ዳቦ ነው በሉት። ዶሳ ደግሞ ከዚያው ዓይነት ሊጥ በጋለ ምጣድ ላይ ስስ ሆኖ ይጋገራል። ሊጡ ከሁለት ነገሮች ይሠራል፦ ከሩዝና ኡራድ ከሚባል ጥራጥሬ። ኡራድ እኛ የምናውቀው የማሾ የቅርብ ዘመድ ነው።

ሁለቱ ይዘፈዘፋሉ፣ ይፈጫሉ፣ ይቀላቀላሉ፤ ከዚያ ሌሊቱን ያድራሉ። ጠዋት ሲከፈት ሊጡ ተነፍቶ ሞልቷል። ማን ነፋው? ሉኮኖስቶክ የሚባሉ ባክቴሪያዎችና መሰሎቻቸው ናቸው። ከጥራጥሬውና ከሩዙ ጋር አብረው ይመጣሉ፤ ስኳሩን እየተመገቡ ላክቲክ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመነጫሉ። አሲዱ ሊጡን ያኮመጥጠዋል፤ ጋዙ ደግሞ ያነፋዋል። የተፈጨው ኡራድ ዝልግልግ ስለሆነ ጋዙን ይዞ አያስለቅቅም፤ ለዚህ ነው ሩዝ ብቻውን እንዲህ የማይነፋው። እናታችሁ ሊጥ ውስጥ እርሾ ጨምራ ስታሳድር፣ የእንጀራውን ዓይን የሚፈጥረውም በመሠረቱ ይኸው ዓይነት የጥቃቅን ሕዋሳት ሥራ ነው።

ይህ ምግብ ስንት ዘመኑ ነው? ቫዳራዴኔ በሚባል፣ በካናዳ ቋንቋ (የካርናታካ ግዛት ቋንቋ ነው፤ ከአገሩ ካናዳ ጋር እንዳታምታቱት) በ10ኛው መቶ ዘመን አካባቢ በተጻፈ መጽሐፍ ላይ ኢድሊን የሚመስል ስም ይገኛል። በ12ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ሶሜሽዋራ 3ኛ ባስጻፈው ማናሶላሳ በተባለ መጽሐፍም አለ። የሚገርመው ግን በእነዚህ ጥንታዊ ጽሑፎች ላይ ያለው ምግብ ከኡራድ ብቻ የተሠራ ነው፤ ሩዙም፣ ሊጡን ማሳደሩም፣ በእንፋሎት ማብሰሉም አይጠቀሱም። ስሙ የጥንት ቢሆንም ዛሬ የምናውቀው ምግብ ቀስ በቀስ የተፈጠረ ነው።

ሌላም አለ። በዶሳ ውስጥ የሚጠቀለለው ድንች፣ ሳምባሩን የሚያቀላው ቲማቲም፣ ራሳሙን የሚያቃጥለው ቃሪያ፣ ሦስቱም የመጡት ከአሜሪካ አህጉር ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ ህንድ የደረሰው በ1498 ነው፤ ከዚያ በፊት አንድም ህንዳዊ ቃሪያ ቀምሶ አያውቅም። ያኔ የሚያቃጥለው ቁንዶ በርበሬ ነበር። ስለዚህ “ባህላዊ” ሲባል “ከጥንት ጀምሮ ያልተለወጠ” ማለት እንዳልሆነ ያዙልኝ። በኋላ ይጠቅመናል።

ሁሉም የሚበላው የማን እጅ ነው?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ።

በህንድ የካስት ሥርዓት ሰው በሚወለድበት ወገን ደረጃ ይሰጠዋል። ከላይ ብራህሚን የሚባሉት፣ ካህናትና ሊቃውንት የሚወጡባቸው ናቸው። ከሁሉም በታች ደግሞ “አይነኬ” እየተባሉ የተገለሉት፣ ዛሬ ራሳቸውን ዳሊት ብለው የሚጠሩት ናቸው። ይህ ደረጃ በየቀኑ የሚታየው የት ይመስላችኋል? በምግብ ላይ ነው። ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ነበር፦ የበሰለ ምግብ ከእኩያ ወይም ከበላይ እጅ ይበላል፤ ከበታች እጅ ከተበላ ግን ያረክሳል።

እስቲ ይህን እንደ ሒሳብ አስቡት። ምግብ ቤት ልትከፍቱ ነው፤ ደንበኞቻችሁ ከሁሉም ወገን ናቸው። ሁሉም ሳይሳቀቁ እንዲበሉላችሁ ማንን ወጥ ቤት ታስገባላችሁ? መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ ብራህሚን። ብራህሚን የሠራውን ሁሉም ይበላል፤ ሌላው የሠራውን ግን ብራህሚኑ አይበላም። በዚያ አካባቢ ያሉት ብራህሚኖች ደግሞ ሥጋ ስለማይበሉ ምግቡም ሥጋ የሌለው ሆነ። ያቆየነው ጥያቄ መልስ ይኸው ነው።

ይህን ሙያ በጅምላ ወደ ከተማ ያመጡት ኡዱፒ ከምትባል ከተማ የወጡ ሰዎች ናቸው። ኡዱፒ በካርናታካ ግዛት፣ በአረብ ባሕር ዳርቻ ትገኛለች። እዚያ የክሪሽና ቤተ መቅደስ አለ፤ ትውፊቱ በ13ኛው መቶ ዘመን ማድቫ የተባለ ፈላስፋ እንደመሠረተው ይናገራል። ስምንት ገዳማት በየሁለት ዓመቱ ተራ እየገቡ ያስተዳድሩታል። ቤተ መቅደሱ ለብዙ ሺህ ምእመናን በነጻ የሚያበላ ነው። እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ሰው በየቀኑ የሚያበስሉ ወጣቶች ምን ዓይነት ሙያ እንደሚቀስሙ ገምቱ። ለብዙ ሰው፣ በፍጥነት፣ ጣዕሙ ሳይዛነፍ ማብሰል! ትልቅ ምግብ ቤት የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እንደ ማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ)፣ ቤንጋሉሩና ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ያሉ ከተሞች በጸሐፊዎች፣ በተማሪዎችና በነጋዴዎች ተሞሉ። ብዙዎቹ ከቤተሰብ ርቀው የመጡ ወንዶች ናቸው፤ የሚያበስልላቸው የለም። የኡዱፒ ድሃ ወጣቶች ደግሞ ሥራ ይፈልጋሉ። ሁለቱ ተገናኙ። እንዲህ የተወለዱት ቤቶች “ሆቴል” ይባሉ ጀመር። ዛሬም ደቡብ ህንድ ውስጥ “ሆቴል” የሚል ሰሌዳ ስታዩ አልጋ አለ ብላችሁ አትግቡ፤ ብዙ ጊዜ ምግብ ቤት ማለት ነው።

የአንድ ልጅ ጉዞ

ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ኬ. ክሪሽና ራኦ ይባላል። ኡዱፒ አጠገብ ካለ መንደር፣ ከድሃ ቤተሰብ የተወለደ ነው። ገና በልጅነቱ በገዳማቱ ወጥ ቤት ዝቅተኛውን ሥራ ሠራ። በ1920ዎቹ ወደ ማድራስ ሄዶ በምግብ ቤት ተቀጠረ፤ ጥቂት ቆይቶ የራሱን ከፈተ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ዉድላንድስ የተባለውን ሆቴል አቋቋመ። ይህ ስም ኋላ ላይ የብዙ ምግብ ቤቶች መጠሪያ ሆነ። በ1962 ደግሞ ማድራስ ውስጥ ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ዶሳ የሚበሉበት ቤት ከፈተ።

በቤንጋሉሩም በ1924 የማያ ቤተሰብ ወንድማማቾች ከኡዱፒ አካባቢ መጥተው አንድ ትንሽ ቤት ከፈቱ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ማቫሊ ቲፊን ሩምስ ወይም በአጭሩ ኤም.ቲ.አር. በሚል ስም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን በርማን ስትይዝ ከዚያ ወደ ህንድ ይመጣ የነበረው ሩዝ ተቋረጠ። ያለ ሩዝ ኢድሊ እንዴት ይሠራል? ቤቱ እንደሚተርከው፣ ወጥ ሠሪዎቹ ሩዙን ትተው በደቃቁ የተከካ ስንዴ ሞከሩ፤ ራቫ ኢድሊ የሚባለውም ያኔ ተወለደ። ዛሬ እሱም “ባህላዊ” ሆኗል። አልነገርኳችሁም?

የዚህ ቤት የመጀመሪያ ስም ግን ሌላ ነበር፦ “ብራህሚን ኮፊ ክለብ”። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ስም የተለመደ ነበር። “ብራህሚን” የሚለው ቃል ሰሌዳው ላይ ሲጻፍ ማስታወቂያ ነው፤ “ወጥ ሠሪያችን ብራህሚን ነው፣ ምግባችን ንጹሕ ነው” ማለት ነው። ለሌላው መንገደኛ ግን ያው ቃል ሌላ ነገር ይነግረዋል፤ “አንተስ ንጹሕ ነህ ወይ?”

በአዳራሹ ውስጥ ያለው ግድግዳ

አንድ ወጥ ቤት ለሁሉም ሊያበስል ይችላል። ሁሉንም አንድ ላይ ማስቀመጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በብዙ ቤቶች ለብራህሚኖች የተለየ ክፍል ነበር፤ ሌላው በሌላ በኩል ይቀመጣል። ዳሊቶች ደግሞ ጭራሽ በር ላይ ይመለሱ ነበር። በባቡር ጣቢያ ምግብ ቤቶች ሳይቀር ለብራህሚኖችና ብራህሚን ላልሆኑ የተለየ መመገቢያ ነበር። ባቡሩ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው የመጡ ሰዎች ለምሳ ሲወርዱ ይለያያሉ!

ይህን ያልተቀበሉ ሰዎች ነበሩ። በ1917 በዛሬው ኬረላ ግዛት፣ ቼራይ በምትባል ቦታ፣ አያፓን የተባለ ወጣት አንድ ግብዣ አዘጋጀ። እሱ ከተገለሉት አንዱ ከሆነው የኤዣቫ ወገን ነው። የጋበዘው ደግሞ ከእሱም በታች ናቸው ይባሉ የነበሩትን ፑላያዎችን ነው። የእሱ ወገን ሰዎችና ፑላያዎች አብረው ተቀመጡ፣ አብረው በሉ። በቃ፣ የተደረገው ይኸው ነው። የገዛ ወገኑ ግን በቁጣ ነደደ፤ አገለሉት፣ “ፑላያው አያፓን” እያሉም ሰደቡት። እሱ ስድቡን እንደ ክብር ስም ተቀበለው። በኋላ ሕዝቡ ሳሆዳራን አያፓን አለው፤ “ወንድም አያፓን” ማለት ነው።

በ1920ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ጠቡ ትምህርት ቤት ገባ። በታሚል አገር፣ ቼራንማሃዴቪ በምትባል ቦታ፣ ለነጻነት በሚታገለው የኮንግረስ ፓርቲም ገንዘብ የሚረዳ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ዓላማው አገር ወዳድ ትውልድ ማፍራት ነው። ሆኖም የተወሰኑ ብራህሚን ተማሪዎች ከሌሎቹ ተለይተው እንደሚመገቡ ታወቀ። ወሬው ሲሰማ አገር ተናወጠ። “ከእንግሊዝ ነጻ እንውጣ እያልን ልጆቻችንን አብረው ማብላት ካቃተን ይህ ምን ዓይነት ነጻነት ነው?” የሚል ጥያቄ ተነሣ። አጥብቀው ከጠየቁት አንዱ ኢ. ቪ. ራማሳሚ ነበር፤ ሕዝቡ ኋላ “ፔሪያር” ያለው፣ ትልቅ ሰው እንደማለት። በ1925 ከኮንግረስ ወጣ፤ የራስን ክብር የማስከበር ንቅናቄ የተባለውን ትግል መራ።

እስቲ ራሳችሁን በዚያ ትምህርት ቤት አስቀምጡ። ጠዋት አብራችሁ ትማራላችሁ፤ ከሰዓት አብራችሁ ኳስ ትጫወታላችሁ። የምሳ ደወል ሲደወል ግን ጓደኛችሁ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል፤ እናንተ ያላችሁበት ምግቡን ያረክስበታላ! ምግቡ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ እንዴት ይዋጣል?

ሕግ፣ ሰሌዳና ሳንቲም

ግድግዳውን ያፈረሰው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ሦስቱን እንይ።

የመጀመሪያው ሕግ ነው። የህንድ ሕገ መንግሥት በጥር 1950 ሥራ ላይ ዋለ። የአርቃቂው ኮሚቴ ሊቀመንበር ቢ. አር. አምበድካር ዳሊት ነው፤ ልጅ ሳለ በትምህርት ቤት ከሌሎቹ ተለይቶ ይቀመጥ፣ የውኃውን ዕቃ እንዳይነካ ይከለከል የነበረ ሰው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 15 ማንም ዜጋ በሃይማኖቱ፣ በዘሩ፣ በካስቱ፣ በጾታው ወይም በትውልድ ቦታው ምክንያት ወደ ሱቅ፣ ወደ ሕዝብ ምግብ ቤት ወይም ወደ ሆቴል እንዳይገባ ሊከለከል አይችልም ይላል። ልብ በሉ፤ የአንድ ትልቅ አገር ሕገ መንግሥት ምግብ ቤትን በስም ጠርቶ ጻፈ! ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ከዚህ በላይ ምን ያሳያል? አንቀጽ 17 “አይነኬነትን” ጨርሶ ሻረ፤ በ1955 የወጣው ሕግ ደግሞ ቅጣት አበጀለት።

ሁለተኛው ትግል ነው። ሕግ ቢወጣም ሰሌዳዎቹ አልወረዱም ነበር። በ1957 ፔሪያርና ተከታዮቹ ማድራስ ውስጥ “ብራህሚን” የሚል ሰሌዳ በሰቀለ አንድ ካፌ በር ላይ መሰለፍ ጀመሩ። ፖሊስ የተሰለፉትን ያስራል፤ በማግስቱ ሌሎች ይመጣሉ። ብዙ መቶ ሰዎች ታሰሩ። በቀጣዩ ዓመት ቃሉ ከሰሌዳው ወረደ። “ለአንድ ቃል ይህ ሁሉ?” ትሉ ይሆናል። ቃሉ ግን በየቀኑ በዚያ ለሚያልፍ ሰው ደረጃውን የሚነግረው ነበር።

ሦስተኛው ሳንቲም ነው። ርካሽ ምግብ የሚያተርፈው ብዙ ሰው በፍጥነት ሲበላ ነው። ባለቤቱ በአንድ በኩል የተለየው ክፍል ባዶ ሆኖ፣ በሌላ በኩል ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ቢያይ ልቡ ይቃጠላል። ደግሞ ከተማ ውስጥ ማን ማንን ያውቃል? መንደር ውስጥ የእያንዳንዱ ሰው ወገን ይታወቃል። ከተማ ውስጥ ግን ሸሚዝ ለብሶ፣ ገንዘብ ይዞ የገባን ሰው “ወገንህ ምንድን ነው?” ማለት ደንበኛ ማጣት ነው። አስተናጋጁ ጥያቄውን ተወው።

በዚህ መሃል አንድ ቃል ትርጉሙ ተቀየረ፤ “ንጽሕና” የሚለው። የድሮው ንጽሕና የሚጠይቀው “ማን ነካው?” ብሎ ነበር። አዲሱ ደግሞ “ታጥቧል ወይ?” ይላል። የኤም.ቲ.አር. ታሪክ እንደሚተርከው፣ ከወንድማማቾቹ አንዱ በ1951 አውሮፓን ጎብኝቶ ሲመለስ ዕቃው ሁሉ በእንፋሎት እንዲጸዳ አደረገ፤ ደንበኞችም ወጥ ቤቱን ማየት ይችሉ ጀመር። የመጀመሪያው ንጽሕና በዘር የሚወረስ ነው። ሁለተኛውን ግን ማንኛውም ሰው በሳሙናና በፈላ ውኃ ያገኘዋል። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

ሁለቱ ኩባያ

ምሳ አልቋል፤ ቡና እንጠጣ። የደቡብ ህንድ ቡና በማጣሪያ ይንጠባጠባል፤ ብዙ ጊዜ ቺኮሪ ከሚባል ተክል ሥር የተቆላ ዱቄት ይደባለቅበታል፤ በወተትና በስኳር ይቀርባል። ዕቃው ከንፈሩ ወደ ውጭ የታጠፈ የብረት ኩባያና አንድ ጎድጓዳ ማስቀመጫ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ከፍ አድርገው እየገለበጡ አረፋ ያስነሡታል፤ ያቀዘቅዙታልም።

እናንተ የዚህ ቡና ዘመዶች ናችሁ። አረቢካ ቡና የተገኘው ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ነው፤ ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ገባ። የህንድ አፈ ታሪክ እንደሚለው በ17ኛው መቶ ዘመን ባባ ቡዳን የተባለ ሙስሊም ቅዱስ ሰው ከመካ ሲመለስ ሰባት የቡና ፍሬ ደብቆ አመጣ፤ በካርናታካ ተራሮችም ተከለ። አፈ ታሪክ ነው፤ ተራሮቹ ግን ዛሬም በስሙ ይጠራሉ፣ ቡናም ይበቅልባቸዋል።

ኩባያውን ደግመን እንየው። ብዙዎች አፋቸውን ሳያስነኩ ከላይ አንጋጠው ያፈሱበታል። ምክንያቱ ያው የድሮው ሕግ ነው፤ የሌላ ሰው ምራቅ የነካው ዕቃ ያረክሳል ይባል ነበር። ይህም ሳያንስ በብዙ የገጠር ሻይ ቤቶች ሌላ ልማድ ነበር፤ ለሌላው አንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ ለዳሊቶች ደግሞ ሌላ። “የሁለት ኩባያ ሥርዓት” ይባላል። በሕግ ከተከለከለ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ሆኖም በ21ኛው መቶ ዘመንም በአንዳንድ መንደሮች መገኘቱ ሲዘገብ ቆይቷል። ኡዱፒ ራሷም ውስጥ፣ የቤተ መቅደሱ ምእመናን ብራህሚን ሆነው ካልሆኑት ተለይተው መብላታቸው በ2010ዎቹ ሳይቀር ተቃውሞ አስነሥቷል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ “አዎም አይደለምም” ነው። የከተማው ጠረጴዛ በእርግጥ ተከፍቷል፤ ያም ቀላል ድል አይደለም። ነገር ግን አብሮ መቀመጥ አንድ ነገር ነው፣ አብሮ መኖር ሌላ። በአንድ ጠረጴዛ ዶሳ የሚበሉ ሁለት ሰዎች ልጆቻቸውን ለመዳር ሲሉ ያው የድሮውን ጥያቄ ሊጠይቁ ይችላሉ።

የእኛስ ማዕድ?

“ጉድ እኮ ነው፣ ሰው እንዴት እንዲህ ያደርጋል!” ብላችሁ ከሆነ፣ ቆይ አትቸኩሉ። በአገራችንስ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን “ቡዳ” እያሉ ከማዕድ ያራቁ ሰዎች አልነበሩም? በደቡብ ምዕራብ ማንጃዎች፣ በጣና ዙሪያም ወይጦዎች ጎረቤቶቻቸው አብረዋቸው አንበላም ሲሏቸው አልኖሩም? ቡናውም ራሱ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ድረስ በብዙ የደጋ ክርስቲያኖች ዘንድ “የእነሱ መጠጥ” ተብሎ ይሸሽ ነበር። ዛሬ “ቡና ጠጡ” ተብሎ ጎረቤት የሚጠራበት፣ የሁሉም ቤት ሥርዓት ሆኗል። “ባህላዊ” ማለት ያልተለወጠ ማለት አይደለም ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ምግብ ይለወጣል፤ አብሮ የሚበላው ሰውም ሊለወጥ ይችላል።

አሁን አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። አያቶቻችሁን ወይም በሰፈራችሁ ያሉ አረጋውያንን አንድ ነገር ጠይቁ፦ “በልጅነትዎ አብረዋቸው እንዳይበሉ የተከለከሉት እነማን ነበሩ? ለምንስ ይባል ነበር?” መልሱ አንዳንዴ ያስቃል፣ አንዳንዴ ያሳፍራል። ሳትከራከሩ አዳምጡ፤ ዓመቱንና ቦታውን ጭምር ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ታሪክ ምሁር ሥራውን የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ከዚያ ነገ በምሳ ሰዓት የትምህርት ቤታችሁን ግቢ ዙሪያውን ተመልከቱ። ማን ከማን ጋር ይበላል? ብቻውን የሚበላው ማን ነው? ማንስ ወሰነው?